የትኛው ጆን ነው የልጆቼ ቅድመ አያት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ አሜሪካዊ ሲሆን በአባቱ በኩል ዘሩ የሚመዘዘው ከማሳቹሴትስ፣ ኢፕስዊች ከምትባል ከተማ ነው። ልጃችን ለትምህርት ቤት የዘር ሐረግ እንድትሠራ ስትታዘዝ እኔም አብሬ ገባሁበት። ወደ ኋላ እስከ 1740 ድረስ ያለችግር ሄደ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ጆን አገኘሁ። የሦስቱም የቤተሰብ ስም አንድ ነው፤ ስሙ እንዳይወጣ ባለቤቴ አደራ ብሎኛል። አንዱ ሲኒየር፣ አንዱ ጁኒየር ስለተባለ ጁኒየሩን የሲኒየሩ ልጅ አድርጌ አስገባሁት። ኢንተርኔት ላይ ያሉ አርባ ያህል የዘር ሐረግ ዛፎችም እንደዚያው ነው የሚሉት። የከበደኝ ነገር የጁኒየሩ ልጆች ከ1690 እስከ 1737 የተወለዱ መሆናቸው ነው። እናታቸው አንዴ ሜሪ፣ አንዴ ሣራ፣ እንደገና ሜሪ፣ እንደገና ሣራ ትባላለች። ጆንና ሣራ ኤፕሪል 20 ቀን 1698 ተጋቡ ይላል፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ደግሞ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1698 ተወለደ ይላል። ባለቤቴ ‹ቅሌት ነው› እያለ ይስቃል። የዲኤንኤ ምርመራ ብናደርግ ይለይልናል?»

ከጁኒየር እንጀምር፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ጁኒየር ሲባል የአባቱን ስም የያዘ ልጅ ማለት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ኒው ኢንግላንድ (ማሳቹሴትስ ያለችበት የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ) ግን ቃሉ «ታናሹ» ከማለት አያልፍም ነበር። ከተማው ውስጥ ሁለት ጆን ካለ ጸሐፊው በዕድሜ የሚበልጠውን ሲኒየር፣ የሚያንሰውን ጁኒየር ብሎ ይጽፋል። አባትና ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። አጎትና የወንድም ልጅ፣ የአጎት ልጆች፣ ወይም ጭራሽ የማይዛመዱ ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላ ጆን ከተጨመረ «ሦስተኛው» ይባላል። የእኛ ሰፈር ሰው «ትልቁ ከበደ፣ ትንሹ ከበደ» እንደሚለው ነው። ትንሹ ከበደ የትልቁ ልጅ ነው ብሎ የሚያስብ የሰፈር ሰው የለም።

ይባስ ብሎ ይህ ቅጥያ ከሰው ወደ ሰው ይዛወራል። ሲኒየሩ ሲሞት ወይም ከተማውን ለቆ ሲሄድ ጁኒየር የነበረው ሲኒየር ይሆናል። ሦስተኛው ደግሞ ጁኒየር ይሆናል። በ1695 «ጁኒየር» የተባለውና በ1730 «ጁኒየር» የተባለው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ አይግረምዎ። እርስዎ ዛፍ ላይ የሆነውም ይኸው ይመስለኛል።

እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ ቶሎ እንሳሳታለን። የእኛ ስም አባትን ይዞ ይሄዳል። ከበደ ተሰማ ካልን ተሰማ አባቱ ነው፤ ልጁ ደግሞ አበበ ከበደ ይሆናል። ሰባት ቤት ስንቆጥር የምንቆጥረው ሰባት የተለያየ ስም ነው። እነሱ ጋ የቤተሰቡ ስም አይንቀሳቀስም፤ የሚሽከረከረው የመጀመሪያው ስም ነው። እሱም ቢሆን ከጥቂት ስሞች አይወጣም፦ ጆን፣ ቶማስ፣ ሳሙኤል፣ ጆሴፍ፤ ለሴት ሜሪ፣ ሣራ፣ ኤልሳቤጥ፣ ሐና። አራት ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው ለአባታቸው መታሰቢያ አንድ ልጅ ጆን ካሉ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ከተማዋ አራት እኩያ ጆን ይኖራታል። ጆርጅ ዋሽንግተንን ይውሰዱ። አያቱ ላውረንስ፣ አባቱ ኦገስቲን፣ በአባት የሚገናኙት ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ደግሞ ላውረንስና ኦገስቲን ነበሩ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የአጎቱ ሞክሼ ነው። የፍራንክሊን አባት ከቤንጃሚን በፊት በ1688ም በ1689ም ለተወለዱለት ወንዶች ጆሴፍ የሚል ስም አውጥቷል። የመጀመሪያው በሕፃንነቱ ስለሞተ ስሙ ለሁለተኛው ተሰጠ፤ ሁለተኛውም አልቆየም። ስለዚህ «ጆን ተወለደ» የሚል መዝገብ ሲያገኙ ልጁ አድጎ ሰው መሆኑን ገና አያውቁም።

አሁን ወደ ልጆቹ ዝርዝር። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ የወለደ አንድ አባት ካዩ ቢያንስ ሁለት ሰው አንድ ላይ ተሰፍቷል ብለው ይጀምሩ። ወንድ በስተርጅና ሊወልድ ይችላል፤ ሣራ ግን አትችልም። በ1698 በአሥራ ስምንት ዓመቷ ተጋብታለች ብንል እንኳ በ1737 ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ስለዚህ ከ1725 ገደማ በኋላ የተወለዱት ልጆች እናት ሌላ ሣራ ናት፤ ባሏም ምናልባት ሦስተኛው ጆን ነው። ሜሪና ሣራ እየተፈራረቁ መምጣታቸው ደግሞ የሁለት ሚስት ምልክት አይደለም። ሜሪ ሞታ ሣራ ተተክታ ቢሆን ኖሮ ስሙ አንዴ ተቀይሮ ይቀር ነበር። ሜሪ፣ ሣራ፣ ሜሪ፣ ሣራ ማለት ሁለት ጎጆ ጎን ለጎን ማለት ነው። መዝገቡ እየነገረዎት ነበር፤ ዛፉ ነው ያፈነው።

ቅሌቱስ? ቅሌት የለም፤ ባለቤትዎ ይዘኑ እንጂ። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚያከብሩት ማርች 25 ቀን ነበር። ኤፕሪል 1698 የዓመቱ መጀመሪያ ነው፤ ፌብሩዋሪ 1698 ደግሞ የዚያው ዓመት መጨረሻ። ልጁ የተወለደው ከሠርጉ አሥር ወር ገደማ በኋላ ነው ማለት ነው። በዛሬ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1699 ይሆናል። ጠንቃቃ ጸሐፊዎች 1698/99 ብለው ሁለቱንም ይጽፉ ነበር። ፍራንክሊንም ጃንዋሪ 6 ቀን 1705 ነው የተወለደው፤ እኛ ግን ጃንዋሪ 17 ቀን 1706 እንላለን። አሥራ አንዱ ቀን የመጣው በ1752 አቆጣጠሩ ሲቀየር ነው። በዚያ ዓመት ከሴፕቴምበር 2 ቀጥሎ የዋለው ሴፕቴምበር 14 ነበር። በመስከረም ዓመት ለምንቀይር፣ ሁለት ካላንደር ግድግዳ ላይ ለምንሰቅል ሰዎች ይህ ከባድ አይደለም። አንድ ወጥመድ ግን ልጨምር፦ ወሩ በቁጥር ከተጻፈ «1ኛ ወር» ማርች ነው፣ «12ኛ ወር» ፌብሩዋሪ። ቀኖቹን ሳያስተካክሉ ልጆቹን በዕድሜ ቅደም ተከተል ከደረደሯቸው ታላቅና ታናሽ ይገለባበጣሉ።

የዝምድና ቃላትም እንደዚያው ያሳስታሉ። የዚያ ዘመን ኑዛዜ ላይ በዛሬው እንግሊዝኛ «አማች» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ብዙ ጊዜ የእንጀራ ልጅ ማለት ነው። «ካዝን» (ዛሬ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ) የተባለው የወንድም ወይም የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል። «ወንድሜ» የተባለው የሚስት ወንድም፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወንድም ሊሆን ይችላል። የአጎቱን ልጅ «ወንድሜ ነው» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሐበሻ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ስለ አርባዎቹ ዛፎች አንድ ነገር ብቻ ልበል። አንድ ሰው ያወራውን አርባ ሰው ቢደግመው ምስክሩ ያው አንድ ነው። ከእነሱ መካከል ውል ወይም ኑዛዜ ያያያዘ ካለ እሱን ይክፈቱ። የሌላውን ይተዉት።

በስም መመሳሰል የተሳሳተው ተራ ሰው ብቻ እንዳይመስልዎት። ከኢፕስዊች ብዙም የማይርቀው፣ እዚያው ኤሴክስ ካውንቲ ያለው ሳሌም በ1692 በጥንቆላ ክስ ሲታመስ መጀመሪያ የተሰቀለችው ብሪጅት ቢሾፕ ነበረች፤ ጁን 10 ቀን። የታሪክ ጸሐፊዎች ከመቶ ዓመት በላይ ይህችን ሴት የመጠጥ ቤት ባለቤት አድርገው ሲያወሩላት ኖሩ። ለምን? ባሏ ኤድዋርድ ቢሾፕ ይባላል። የቤቨርሊው ቄስ ጆን ሄል ደግሞ የኤድዋርድ ቢሾፕ ጁኒየር ሚስት ሌሊት ሰው ሰብስባ ታጠጣለች፣ ጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ታጫውታለች ብለው መስክረዋል። ባሎቹ ሞክሼዎች ስለሆኑ ሚስቶቹም አንድ ሆኑ።

መያዣ ትዕዛዞቹን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ግን ይለያቸዋል። ኤፕሪል 18 የወጣው የሳሌሙን ጣውላ ሰንጣቂ የኤድዋርድ ቢሾፕን ሚስት ብሪጅትን ይላል። ኤፕሪል 21 የወጣው ደግሞ የሳሌም መንደሩን (ከከተማው የተለየ ሰፈር ነው) ገበሬ ኤድዋርድ ቢሾፕንና ሚስቱን ሣራን ይላል። ሁለት ሥራ፣ ሁለት ቦታ፣ ሁለት ሚስት። ብሪጅት ራሷ ኤፕሪል 19 መንደሩ ውስጥ ስትመረመር ከሳሾቿን አይታ እንደማታውቅ፣ እዚያ ቦታም ረግጣ እንደማታውቅ ተናግራለች። እዚያው አካባቢ መጠጥ ቤት ያላት ሴት እንዲህ ልትል አትችልም። ባለመጠጥ ቤቷ ሣራ ነበረች፤ እሷ ከነባሏ ከእስር ቤት አምልጣለች። ጉዳዩን አንድ የዘር ሐረግ አጥኚ በ1981 አፍታትቶ እስኪያሳትመው ድረስ ስህተቱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ነበር። አዲስ ሰነድ አልተገኘም። የነበረው ነው በወጉ የተነበበው።

እርስዎም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ዛፉን ይዝጉትና አንድ ሰንጠረዥ ይክፈቱ። «ጆን» የሚል እያንዳንዱ ሰነድ አንድ መስመር ይያዝ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስሙን ልክ እንደተጻፈው ያስፍሩ፤ ጁኒየር ካለ ጁኒየር፣ በርሜል ሠሪ ካለ በርሜል ሠሪ። ሚስት፣ ምስክር፣ አዋሳኝ ከተጠቀሰ እነሱንም። ፈርሞ እንደሆነ ወይስ ምልክት አድርጎ እንደሆነ ይጻፉ። ማዕረግም ይለያል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ሚስተር» የሚባለው ከፍ ያለ ሰው ነው፣ ተራው ገበሬ «ጉድማን» ነው። መጀመሪያ ላይ ማንንም ከማንም አያገናኙ። ሦስቱንም ጆኖች እኩል ያጥኑ። የራሴን ጆን ብቻ ልፈልግ ያለ ሰው ያገኘውን ሁሉ የራሱ ያደርገዋል።

ከሰነዶቹ ሁሉ ጆኖቹን በደንብ የሚለያቸው የመሬት ውል ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ቤተሰብ መሬት ነበረው፤ መሬት በሆነ መንገድ ይገባል፣ በሆነ መንገድ ይወጣል። አንዱ ጆን በ1701 ስድስት ኤከር የሣር ረግረግ ከሚስቱ አባት ወረሰ እንበል። በ1722 ያንኑ ስድስት ኤከር፣ በምሥራቅ ያው ጎረቤት፣ በደቡብ ያው ወንዝ የሚያዋስነውን፣ የሸጠው ጆን እሱ ነው ወይም ወራሹ ነው። አዲስ አበባ ቤት የሸጠ ሰው አዋሳኝ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ስም ቢመሳሰል አዋሳኝ አይመሳሰልም። ሌላው ጥቅም ሚስትየዋ ናት። ባል ሲሞት ሚስት ከመሬቱ ሲሶ ላይ እስከ ዕድሜ ልኳ የመጠቀም መብት ነበራት። ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ «መብቴን ለቅቄያለሁ» ብላ እንድትፈርም ይጠይቅ ነበር። ሜሪ የፈረመችበት ውል የሜሪ ባል ነው፤ ሣራ የፈረመችበት የሣራ። የኢፕስዊች ውሎች ሳሌም ባለው የኤሴክስ የመሬት መዝገብ ቤት ነው ያሉት። ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይም ምስላቸው በነፃ ይታያል።

ቀጥሎ የውርስ ፋይል። በዚያ ዘመን ኑዛዜ ከሌለ ማሳቹሴትስ ውስጥ የበኩር ወንድ ልጅ ሁለት እጥፍ ድርሻ ይወስድ ነበር። ክፍፍሉ ላይ ሁለት እጥፍ የወሰደው ማን እንደሆነ ካዩ የበኩሩን ወንድ ልጅ አገኙ። ወንድ ልጅ አሥራ አራት ሲሞላው ሞግዚቱን ራሱ ይመርጥ ነበር፣ መሬት የሚሸጠው ሃያ አንድ ሲሞላው ነበር። በ1709 መሬት የሸጠ ጆን በ1692 የተወለደው ሊሆን አይችልም። እንዲህ ያለ ተራ ስሌት ከብዙ ግምት ይበልጣል።

ፊርማ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይጠንቀቁ። የውል መዝገቡ ላይ የሚያዩት የጸሐፊው ግልባጭ ነው፤ ፊርማ የሚመስለውም የጸሐፊው እጅ ነው። ዋናው ወረቀት የሚገኘው የውርስ ፋይሉ ውስጥ ነው። ደግሞም በጎልማሳነቱ ስሙን የጻፈ ሰው ሲታመም ወይም ሲያረጅ ምልክት ብቻ ሊያደርግ ይችላል። የታተሙት የማሳቹሴትስ ከተሞች የልደት፣ የጋብቻና የሞት መጽሐፎችም፣ እስከ 1850 ያሉት፣ ድንቅ መፈለጊያ ናቸው፤ ግን በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው። ዋናው መዝገብ ላይ የአንድ ቤት ልጆች አንድ ገጽ ላይ ተከታትለው የተጻፉበት ጊዜ አለ። የታተመው መጽሐፍ ይህንን በትኖታል። የገጹን ምስል ሳያዩ አይወስኑ።

እኔም ከዚህ ጣጣ አላመለጥኩም። አንድ ጊዜ ሁለት ቶማሶችን አንድ አድርጌ ብዙ ወር ሠርቻለሁ። ሁለቱም አንጥረኞች፣ የሁለቱም ሚስት ሜሪ። ያነቃኝ የቀብር መዝገብ ነው፤ በ1707 የተቀበረችው ሜሪ በ1709 ውል ላይ ፈርማለች። ሳቅሁም፣ ተናደድኩም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሰው ሳልቀብር ወደሚቀጥለው አልሄድም። ሦስት ጆን ካለ ሦስት ሞት ይፈልጉ። አንዱ ሕፃን ሆኖ ሞቶ፣ አንዱ ኮኔቲከት ሄዶ ከሆነ የቀረው የእርስዎ ነው። ያልተቀበረ ጆን ካለ ግን ሥራው አላለቀም።

አሁን ዲኤንኤ። ብሩን አያውጡ፤ ቢያንስ ለዚህ ጥያቄ። ባለቤትዎ ከእነዚህ ጆኖች ዘጠኝ ወይም አሥር ትውልድ ይርቃሉ። በአሥረኛው ትውልድ ላይ ሰው 1,024 ቅድመ አያቶች አሉት። ከአንዱ የሚደርሰው ድርሻ በአማካይ ከመቶ 0.1 ገደማ ነው፤ ከብዙዎቹ ጭራሽ ምንም ላይደርስ ይችላል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚሄደው የዋይ ክሮሞሶም ምርመራ ይሻላል፤ ግን ሦስቱ ጆኖች የአንድ አያት ልጅ ልጆች ከሆኑ የሦስቱም ዋይ አንድ ዓይነት ነው። የሚጠቅመው ጆኖቹ ዝምድና ከሌላቸው፣ ከዚያም ላይ የየአንዳንዳቸው የወንድ መስመር ተወላጅ ዛሬ በሕይወት ተገኝቶ ከተመረመረ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ ይለይ።

የሕዝብ ቆጠራም አይጠብቁ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ቆጠራ የተካሄደው በ1790 ነው። እሱም የሚጠራው የቤቱን ኃላፊ ብቻ ነው። እዚህ የጻፍኩት ደግሞ ለኒው ኢንግላንድ ነው፤ ቨርጂኒያ ቢሆን የውርስ ሕጉ ሌላ ነው፣ የተቃጠሉ ፍርድ ቤቶችም አሉ። ትዳራችሁ ከጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ ጋር የሆነ አንባቢዎችም ትጠይቁኛላችሁ። በባርነት የተያዙት ሰዎች ብዙ ጊዜ የተመዘገቡት በአንድ ስም፣ በባለቤትነት በያዛቸው ሰው ንብረት ዝርዝር ውስጥ ነው። እዚያ የስም መመሳሰል ከዚህም ይከፋል። ፍለጋው በዚያ ሰው የውርስ ወረቀት በኩል ስለሚያልፍ ራሱን የቻለ መልስ ይፈልጋል።

ለእርስዎ የምመክረው አንድ ነው። ከ1740 በፊት ያለውን ሁሉ ከዛፉ ላይ ያንሱት፤ ዛሬ ማታ። ያረጋገጡት የመጨረሻው ሰው ላይ ቆመው ወደ ላይ ይውጡ። ከ1690 እስከ 1740 ያለውን የኤሴክስ የመሬት ውል በሦስቱም ጆን ስም ይጨርሱ፤ ከዚያ የውርስ ፋይሉን። የጥምቀት መዝገቡን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ እሱ ነው ሰውን የሚያቻኩለው። ይህ ሁሉ ታይቶ አሁንም ሁለት ጆን ከቀረ ቆም ይበሉ። «ከሁለቱ አንዱ» ብለው ይጻፉ፤ ምክንያቱንም ከሥሩ ያስፍሩ። እያንዳንዱ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ወረቀቱ ተቃጥሎም፣ መጀመሪያውኑ ሳይጻፍም የቀረ አለ።

የልጅዎ የትምህርት ቤት ሥራ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ሦስቱንም ጆን በሦስት ሣጥን ትሣላቸው፤ ከእሷ መስመር ጋር በነጠብጣብ ታገናኛቸው። ሣራዎቹንም ሁለት ታድርጋቸው።